ጎረቤቶቹስ የት ሄዱ?

ባለፈው ሰኔ ከዴንቨር ጭነት ጭኜ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስሄድ፣ ኮልቢ የምትባል የካንሳስ ከተማ አጠገብ ስንዴ ሲያጭዱ አየሁ። የጭነት መኪና ሾፌር በመንገድ ብዙ ያያል፣ አብዛኛውንም አይቶ ያልፋል። ያን ቀን ግን ማለፍ አልሆነልኝም። ነዳጅ ማደያው ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ አጥሩን ተደግፌ ስልኬን አወጣሁ።

አንድ ሰው ብቻውን በመስታወት የተከበበ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ኮምባይነሩን ይነዳል። ከፊቱ ያለው መቁረጫ ወርዱ 12 ሜትር ይሆናል። ስንዴው በፊት ይገባል፣ ገለባው በኋላ ይበተናል፣ ፍሬው በረጅም ቱቦ አድርጎ ጎን ለጎን ወደሚሄደው የትራክተር ተሳቢ ይፈሳል። ለማራገፍ እንኳ አይቆምም። ማጭዱም፣ ነዶውም፣ አውድማውም፣ መንሹም፣ ላይዳውም እዚያ አንድ ሆድ ውስጥ ናቸው።

ቪዲዮውን ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። ጋሼ የሚኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ፣ ከእነዋሪ ከተማ ራቅ ብሎ ነው፤ አባታችን ያረሰውን መሬት ያርሳል። እዚያ መሽቶ ስለነበር ወዲያው ደወለ።

«ይሄ ሰውዬ በቀን ስንት ጥማድ ያጭዳል?» አለኝ።

አሰብኩና ነገርኩት። በሰዓት 5 ሄክታር ያህል ነው፣ 20 ጥማድ ማለት ነው። 10 ሰዓት ቢሠራ 200 ጥማድ።

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ልጠራው ስል፣ «ታዲያ ጎረቤቶቹስ የት ሄዱ?» አለኝ።

ስለማሽኑ ዋጋ ወይም ስለነዳጁ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ያን ጥያቄ ይዤ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደነዳሁ አላውቅም። ማታ ማታ መኪናዬ ውስጥ ጋደም ብዬ ስለእርሻ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከርሜ፣ የአንድ አገር ገበሬ ከሌላው አገር ገበሬ ይህን ያህል እጥፍ የሚያመርተው ለምንድን ነው ለሚለው ጉዳይ ከጋሼ ጥያቄ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥማድ የሚለው ቃል ራሱ ሒሳብ ነው። አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። እንግሊዞች ኤከር የሚሉትም አመጣጡ ያው ነው፤ ተጠምደው የሚያርሱ በሬዎች በቀን የሚጨርሱት መሬት። የእነሱ ወደ 0.4 ሄክታር ከፍ ይላል እንጂ፣ ሁለቱም ሕዝብ መሬቱን የለካው በሰውና በበሬ የአንድ ቀን ድካም ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ሩቅ ያልነበርንበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

አባቴ ስድስት ጥማድ መሬት ነበረው። በሬው ግን አንድ ነው። ጅሩ በሰንጋ የታወቀ አገር ቢሆንም ሁሉም ቤት ጥንድ በሬ አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ቅንጃ ነበር፤ የእኛ ቡሬና የእነሱ ዳልቻ በአንድ ቀንበር ተጠምደው፣ ሦስት ቀን ለእኛ፣ ሦስት ቀን ለእነሱ። ዛሬ ሰው በስብሰባ ላይ «በቅንጅት እንሥራ» ሲል ስሰማ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ቀንበር ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ተራው የጎረቤት ከሆነ፣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል እንጂ ምንም ማድረግ አይችልም። ጉልበት ሞልቶት ቀን ያመልጠዋል።

በሬ ማለት ለገበሬ ምን እንደሆነ አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። ከ1888 ጀምሮ የከብቱ በሽታ፣ ደስታ፣ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከብቱን ሲፈጀው፣ መሬቱም ገበሬውም እዚያው ነበሩ። መጀመሪያ የጠፋው በሬው ነው። ሰው በዶማ ለመቆፈር ሞከረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ታሪክ ይናገራል። ግን ዶማ የበሬን ያህል አይገፋም። ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለን እንጠራዋለን። ስንፍናም አላዋቂነትም በአንድ ዓመት አይመጣም፤ የአንድ ሰው ምርት ግን በአንድ ዓመት ወደ ምንም ወረደ፣ በእጁ ላይ የሚጨመርለት ጉልበት ስለተወሰደበት።

የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ይተኛበታል፤ ስንዴ ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ አያድግም። አባቴ ዘርቶ በማረሻ ፈር ካወጣ በኋላ እናቴና እኛ ልጆች እንከተላለን። ጭቃውን ከፈሩ ውስጥ በእጃችን እያፈስን ግራና ቀኝ እንከምራለን፤ ስንዴው የሚቆምበት መደብ ይሆናል፣ ፈሩም ውኃው የሚወርድበት ቦይ። ጎንበስ ብሎ መሥራት ስለማይዘለቅ በኋላ በኋላ ተንበርክከን ነው የምንሄደው። እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር የቀኝ እጇ ጥፍሮች እስከ ሥጋው ያልቁ ነበር፤ ማታ ቅቤ አቅልጣ ጣቶቿን ስትቀባ እሳቱ ዳር አያታለሁ። አንዱን ጥማድ ለመጨረስ ስንት እፍኝ ጭቃ እንደሚነሣ የሚቆጥር ሰው የለም። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ እየተጎተተ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል። እኛ ቤት የገባው እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያን ክረምት እናቴ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ስለምርታማነት ሲወራ የእኔ አእምሮ መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ጥፍሮች ላይ ነው።

ከገመሳ፣ ከድገማ፣ ከስለሳ ጀምሮ ዘሩን፣ መደቡን፣ አረሙን፣ አጨዳውን፣ ክምሩን፣ ውቂያውን ስደምረው፣ አንድ ሄክታር ስንዴ ጎተራ እስኪገባ የእኛ ቤት ሰው ከመቶ ቀን በላይ ይለፋ ነበር። የደቦውን ሰው ሳልቆጥር ነው።

አሁን ለብዙ ሰው የማይዋጠውን ልንገራችሁ። ካንሳስ አንድ ሄክታር ስንዴ የሚሰጠው በደረቅ ዓመት ወደ 24 ኩንታል፣ በደግ ዓመት ወደ 38፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ የስንዴ አማካይ ምርትስ? በቅርብ ዓመታት በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ ደርሷል። እኩል ነን። ይህን ሳነብ መኪናዬ ውስጥ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ነዳጅ፣ ያ ሁሉ ሳይንስ፣ ከአንዱ ሄክታር የሚያወጣው ወንድሜ በሁለት በሬ ከሚያወጣው ብዙም አይበልጥም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ ገበሬ የሚያመርተውን ለማወቅ ሁለት ነገር ማባዛት ነው፤ አንዱ ሄክታር የሚሰጠውን፣ ለአንዱ ገበሬ በሚደርሰው ሄክታር። የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ካንሳስና ጅሩ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ሁለተኛው ላይ ግን፣ በዚያው ሰሞን ቁርስ ቤት ያገኘሁት የኮልቢ ገበሬ ከልጁ ጋር 2,000 ሄክታር ይዟል፤ 8,000 ጥማድ። የአባቴ ስድስት ነበር። ሰውዬው ከመሬቱ የተወሰነውን በየዓመቱ እርጥበት እንዲይዝ ሳይዘራ ያሳርፈዋል። ጅሩ ውስጥ ማን መሬት ያሳርፋል?

ነገሩ የሁለት ቦታ ብቻ አይደለም። በ1990 አካባቢ የተካሄዱ የግብርና ቆጠራዎች ሲታዩ በሀብታሞቹ አገሮች የአንድ እርሻ አማካይ ስፋት 54 ሄክታር፣ በድሆቹ 1.6 ሄክታር ነው። የ1985ቱን መረጃ ያሰሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ እጅግ ሀብታም በሆኑት አገሮች አንድ የእርሻ ሠራተኛ እጅግ ድሃ በሆኑት ካለው 78 እጥፍ እንደሚያመርት፣ ከእርሻ ውጭ ባለው ሥራ ግን ልዩነቱ 5 እጥፍ ብቻ እንደሆነ አገኙ። በፋብሪካና በሱቅ 5 እጥፍ፣ በማሳ ላይ 78። ድህነት ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት ቦታ ማሳው ነው ማለት ነው፤ አብዛኛው ሕዝባችንም ያለው እዚያው ነው።

ይህ ስሌት አንድ የሚደብቀው ነገር አለ። በሰው ሲሰላና በሰዓት ሲሰላ አንድ አይደለም። አባቴ ሐምሌ ላይ ከንጋት እስከ ጨለማ ይሠራል፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን ዝናብ የለም፣ መስኖም የለም፣ የሚያርሰው የለውም። ገበያ ይውላል፣ አጥር ያጥራል፣ ሰርግ ይሄዳል። ሰዎች በዓል ማብዛታችንን ያነሣሉ፤ እኔ የማየው ግን ውኃ ያጣውን አራት ወር ነው። በሠራበት ሰዓት ብቻ ቢለካ ልዩነቱ ይጠባል። ገበሬያችን ብዙ ሰዓት ሥራ የለውም፤ ሥራ ሲኖረው ግን የሚሠራው እስኪደቅ ነው።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። የካንሳሱ ገበሬ ጎረቤቶች የት ሄዱ?

መጀመሪያ የነበሩት ጎረቤቶች ተባርረዋል። ካንሳስ የሚለው ስም እዚያ ይኖር የነበረ ሕዝብ ስም ነው፤ ካንሳ ይባላሉ። መሬቱ ባዶ ሆኖ አልጠበቀም። ከእነሱ ከተወሰደ በኋላ በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ 160 ኤከር ተሰጠ፤ በእኛ ሲሰላ 260 ጥማድ። እንግዲህ አስቡት፤ 260 ጥማድ ይዞ፣ ዘመድ የለ፣ ደቦ የሚጠራው የለ፣ ቅጥር ሠራተኛ የለ፤ ሊቀጠር የሚችለው ሰው ሁሉ የራሱን 260 ጥማድ ሊወስድ ይችላላ! መሬት ሞልቶ እጅ የጠፋበት አገር ነበር። ማክኮርሚክ የሚባለው ሰው በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ በ1831 ሠርቶ ያሳየ ሲሆን፣ ማሽኑ በብዛት የተሰራጨው ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ወንዱን ከማሳው ሲወስደው ነው። ማሽን የገባው እጅ ባለቀበት ቦታና እጅ ባለቀበት ጊዜ ነው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የያዘው አንድ መዝገብ አለ፤ እኔ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። 100 ቡሽል ስንዴ፣ ማለትም 27 ኩንታል፣ ለማምረት በ1830 ከ250 እስከ 300 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በበሬና በፈረስ ማረሻ፣ በእጅ ዘር፣ በማጭድ፣ በእጅ ውቂያ። ልክ እንደ አባቴ። በ1890 ከ40 እስከ 50 ሰዓት ሆነ። በ1930 ከ15 እስከ 20። በ1975 አራት ሰዓት አልሞላም። ከ300 ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ለመውረድ አንድ መቶ አርባ አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል። በአንድ ሌሊት የተነሡ አይደሉም።

በዚያው ዘመን ልጆቹ እየወጡ ነበር። በ1900 ከአሜሪካ ሠራተኛ 40 በመቶ ያህሉ እርሻ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከ2 በመቶ በታች ነው። ቺካጎ የሥጋ ፋብሪካ፣ ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ የባቡር ጣቢያ ነበረ። ጎረቤት ወጣ፣ የቀረው ሰው መሬቱን ተከራየ ወይም ገዛ፣ ብቻውን ስለማይችለው ማሽን ጨመረ። በ1930ዎቹ የአፈር አውሎ ነፋስና ዕዳ ያስወጧቸውም ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በደስታ አልሄደም። የኮልቢው ሰው የተማረበት ትምህርት ቤት በልጅ እጦት መዘጋቱን ሲነግረኝ ድምፁ ወርዶ ነበር። ቢሆንም አብዛኛው የሄደው ደመወዝ ወዳለበት ነው።

ጃፓኖች በሌላ መንገድ ነው የመጡት። እነሱ መሬት አልነበራቸውም፤ አንድ ቤት አንድ ሄክታር ያህል፣ እንደኛ። ስለዚህ ድካማቸውን ሁሉ በዘርና በማዳበሪያ ላይ አዋሉት፤ መጀመሪያ ያሳደጉት ሄክታሩ የሚሰጠውን ነው። በ1935 ኢናዙካ የሚባሉ ተመራማሪ ኖሪን 10 የሚባል አጭር ስንዴ አወጡ፤ ማዳበሪያ ሲበላ የማይጋደም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስንዴው ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ከዚያ ኖርማን ቦርላግ የሚባሉ አሜሪካዊ የሰብል ተመራማሪ ሜክሲኮ ውስጥ አዳቀሉት፣ ዘሩም ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ጅሩ የሚዘራው አጭር ስንዴ ዘር ማንዘሩ ከዚያ ነው። ከካንሳስ ጋር በሄክታር እኩል ያደረገን አንዱ እሱ ነው። ጃፓን ውስጥ ማሽኑ በብዛት የገባው በኋላ ነው። በ1950 ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ በእርሻ፣ በደንና በዓሣ ሥራ ላይ ነበር፤ በ1970 ከአምስት አንዱ። ልጆቹ ፋብሪካ ሲገቡ፣ አባቶቹ በእጅ የሚገፋ ሁለት ጎማ ያለው ትንሽ ትራክተር ገዙ። መሬቱ ትንሽ ስለሆነ ማሽኑም ትንሽ ሆነ።

የእኛን ሳስብ ልቤ የሚያርፈው አርሲ ላይ ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፣ ስንዴው ጨመረ። ድካሙ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ግን ስንዴው ሲያዋጣ ባለርስቱ ትራክተር ገዛ፣ ጭሰኛውን አስነሣ። በወረቀት ላይ በዚያ ማሳ የአንድ ሠራተኛ ምርት ከፍ ብሏል፤ የተነሣው ጭሰኛ ከቁጥሩ ወጥቷላ! የት ሄደ? ዲትሮይት አልነበረንም። ኦሳካም አልነበረንም። የሚሄድበት ሳይኖረው ነው የተነሣው። በ1975 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ያን ያህል ደስታ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አባቴ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ይቆማል፣ ተቀምጦ አያወራውም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው በዛ። በ2007 ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን አልፏል። የአባቴ ስድስት ጥማድ ለወራሽ ሲካፈል ለጋሼ ሦስት ደረሰው። ካንሳስ ውስጥ በየትውልዱ የሚሰፋው መሬት ጅሩ ውስጥ በየትውልዱ ይጠባል። ጋሼ ከአባታችን የተሻለ ዘር ይዘራል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ከጥማድ የሚያገኘው አባቴ ካገኘው እጥፍ ነው፤ የጥማዱ ቁጥር ግን ግማሽ ሆነ። ሲባዛ ያው።

ስለዚህ ሰው «ኋላ ቀር ማረሻ» ሲል ያመኛል። ማረሻው አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመው፣ የሰፈር ቀጥቃጭ የሚጠግነው፣ ለስድስት ጥማድ የተበጀ መሣሪያ ነው። ያን ኮምባይነር ለአባቴ ብሰጠው ማሳውን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሶ ዓመቱን ሙሉ ይቆም ነበር። እርግጥ ማሽን ለመጠቀም ሁሉም ሰው ሰፊ መሬት መያዝ የለበትም፤ አርሲና ባሌ ኮምባይነር በኪራይ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ያ የኮልቢው ኮምባይነርም የገበሬው አልነበረም። ግንቦት ላይ ቴክሳስ ጀምረው ስንዴው እንደደረሰ ወደ ሰሜን የሚጓዙ፣ በኪራይ የሚያጭዱ ሰዎች ነው። የአርሲው ባለኮምባይነርና የቴክሳሱ ሥራቸው አንድ ነው፤ ባያቸው አንድ ላይ ቡና የሚጠጡ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርኩት፤ ሁለት ሰዓት አወራን። እሱም የራሱን ነገረኝ። ትልቁ ልጁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስለጨመረ አረም የሚያርም ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጫል፣ በፊት ስድስት ሰው አንድ ሳምንት የሚያርመውን ማሳ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ውቂያውንም ዘንድሮ በማሽን ነው ያደረገው፤ ደቦ ቢጠራ የሚመጣው ሽማግሌ ብቻ ሆነ። ይህን ሲነግረኝ የአሜሪካኑን መዝገብ በእሱ ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ከ1830 ወደ 1890 የሚወስደው መንገድ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ አንድ ልጅ ፋብሪካ ሲገባ፣ አንድ አባት መርጫ ሲያዝል።

«ሌላም አለ» አለኝ። «የቅንጃችን ልጅ፣ የነዳልቻ ባለቤት፣ አራቱን ጥማድ ለእኔ በእኩል ሰጥቶኝ ከነቤተሰቡ አዲስ አበባ ገብቷል። ዘንድሮ ሰባት ጥማድ ነው የማርሰው።»

ሰባት ጥማድ። ከአባታችን በለጠ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«እሱስ ሥራ አገኘ?» አልኩት።

«እስካሁን አላገኘም» አለኝ።